ከዶሮ እርባታ መካከል የተገኘው ጂኦሜትሪ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከቤታችን

ለምወድህና ለማከብርህ ባለቤቴ፣

ከሰላምታም በፊት አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ የአራት ቁጥር ክፍል ስህተት ያንተ አልነበረም። የኔ ነው። ይህን የምጽፈው ላጽናናህ ብዬ አይደለም። አንድ በአንድ አረጋግጬዋለሁ፤ እንዴት እንዳረጋገጥኩት ከዚህ በታች በተራ ታገኘዋለህ። አንብበህ ስትጨርስ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ጊዜው አጭር ነው፤ እስከ ዓርብ ግንቦት 22 ብቻ ነው ያለን።

አሁን ሰላም ለአንተ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ባለፈው ደብዳቤህ ዓይንህን እንደታከምክ ጽፈህልኛል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ስለ ጣሪያው ናቸው። ለማንኛውም ብዬ ዛሬ ፊደሌን አትልቄ ነው የምጽፍልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ አልከዳኝም። የጓሮው በር አሁንም ትንሽ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። አናጢ አስመጥቼ ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ሲያደርገው ቆየና «ይሄን በር የሰቀለው ሰው ለራሱ እጅ ብቻ ነው የሰቀለው» አለኝ። ይቀየር ሲለኝ ይቆይ አልኩት።

ስልክ ደውዬልህ ነበር፣ ሦስት ጊዜ። የምትሠራበት ትምህርት ቤት ዘበኛ «አሉ፤ ግን ስልኩን አልቀበልም ብለዋል» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «የሉም» ብሎ ይገላግለኝ ነበር። አልተቀየምኩም። ነገሩም በስልክ የሚነገር አይደለም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ይህን ጽፌልህ አላውቅም። አንተ ሃያ ስድስት ዓመት በሠራህበት ቤት እኔ ገብቼ ስቀመጥ ደስ ይልህ እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው። የመጻሕፍት ዝርዝር ካርዶቹ አዳራሽ የለም። መሳቢያዎቹ በነበሩበት ግድግዳ ሥር አሁን ተማሪዎች ቁጢጥ ብለው ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ። አንተ ወደ ቤት ያመጣሃት አንዷ መሳቢያ ግን ወጥ ቤት አለች፤ አዝራርና ክር አስቀምጥባታለሁ። በካርዶቹ ጀርባ የገበያ ዝርዝር እጽፋለሁ። አርባ ያህል ይቀሩኛል።

አዲሱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የኔ የድሮ ተማሪ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለ ክፍልፋይ ሲደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እየደመረ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያስቸገረኝን ልጅ ታስታውሰዋለህ፤ አንተም «ክፍልፋይ» እያልክ ነበር የምትጠራው። እሱ ነው። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ ከረባት ያስራል። አንተ ያስገባኸው የኮምፒውተር ፕሮግራም አርጅቷል ተብሎ በሌላ ሊተካ ነው። ወደ አዲሱ ከመሻገራቸው በፊት ግን የማይነበቡ መጻሕፍት ይውጡ ተብሎ ተወሰነ። ኮምፒውተሩ አሥር ዓመት ማንም ያልተዋሳቸውን መጻሕፍት በርዕሳቸው ዘርዝሮ አተመ። በዝርዝሩ መሠረት ከመደርደሪያ እየወረዱ፣ በሲባጎ እየታሰሩ፣ ኮሪደር ላይ ይቆለላሉ። ሰኞ ግንቦት 25 የወረቀት ፋብሪካው መኪና መጥቶ ይጭናቸዋል። የተጀመረው ከአራት ቁጥር ክፍል ነው፤ ክፍሉ ባዶ ሆኖ የማንበቢያ ጠረጴዛ ይገባበታል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ሐሙስ ሚያዝያ 30 ጠዋት ወደ አራት ቁጥር ስገባ ጋሪ ገፊዋ መጽሐፍ እያወረደች ነበር። አንተ አታውቃትም፤ ከሄድክ በኋላ የተቀጠረች ናት። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ እጇም አፏም አያርፍም። ጋሪዋ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያላት ቀጭን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ አየሁና አነሣኋት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያቺን ይመልሷት። እሷ ተፈርዶባታል» አለችኝ።

«ምን አጥፍታ?»

«ምንም። ጥፋቷ እሱ ነው። አሥር ዓመት ማንም አልተዋሳትም ይላል ዝርዝሩ።»

«ከትናንት ወዲያ የመለስኳት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ተውሻታለሁ።»

«ዝርዝሩ ማንም ነው የሚለው።»

«እኔ ታዲያ ማን ነኝ?»

ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «እርስዎን እንኳ እዚህ ላይ አላየሁም» አለች።

ሳቅን። ከዚያ ግን መጽሐፏን ይዤ ወደ ውሰት ክፍል ወረድኩ። ሠራተኛውን ባርኮዷን እንዲያስነብብልኝና ስክሪኑን ወደ እኔ እንዲያዞርልኝ ለመንኩት።

«ጮኸ እኮ፣ እትዬ። ከጮኸ ተመዝግቧል ማለት ነው።»

«ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ርዕሱን ነው ማየት የፈለግኩት።»

አዞረልኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ርዕስ ትሪጎኖሜትሪ ይላል። እጄ ላይ ያለችው ጂኦሜትሪ ናት። ትሪጎኖሜትሪው መደርደሪያው ላይ ከሷ ቀጥሎ የቆመው መጽሐፍ ነው። ወጥቼ እሱን አመጣሁት፤ አስነበብነው፤ ከሱ ቀጥሎ የቆመውን መጽሐፍ ርዕስ አወጣ። እሱንም አመጣሁት። አሥረኛው ላይ ስደርስ ሠራተኛው ቀልዱን ተወ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ከጂኦሜትሪዋ ጀምሮ እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የተለጠፈው የሚቀጥለው መጽሐፍ ባርኮድ ነው። ሰው አንዱን ሲዋስ ኮምፒውተሩ ጎረቤቱን ተዋሰ ብሎ ይመዘግባል። መጽሐፉ ሲመለስ ያው ባርኮድ ነውና ይዘጋል፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው ደግሞ ጀርባው ላይ በተጻፈው ቁጥር ስለሆነ ማንም ልብ አይልም። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። አሁን ግን ዝርዝሩ የወጣው በርዕስ ነው። ሰው ሲመላለስበት የኖረው መጽሐፍ አንባቢዎቹ በሙሉ ለጎረቤቱ ተቆጥረውለት፣ እሱ ማንም ያልነካው ተብሎ በሲባጎ ይታሰራል። ማንም ያልነካው ጎረቤቱ ደግሞ ይቀራል።

ተማሪዎች ያልተዋሱትን መጽሐፍ መልሱ የሚል ማስጠንቀቂያ እየደረሳቸው ሲከሱህ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ያኔ የመረመረህ ኮሚቴ የሰበሰባቸው አሥራ አራት አቤቱታዎች ሁሉ ከዚሁ ክፍል እንደነበሩ አሁን ቃለ ጉባኤውን አንብቤ አይቻለሁ። እነሱ «የተበታተነ ቸልተኝነት» ብለው ጻፉት። አልተበታተነም። አንድ ቦታ ጀምሮ አንድ ቦታ ያልቃል።

የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ቅዳሜ ተመለስኩ። ስክሪኑን የምናገኘው ውሰት ክፍሉ ለምሳ ሲዘጋ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ መጽሐፍ በአንድ ሰዓት አይታይም። ስለዚህ ግማሽ ግማሹን ያዝኩ። በጂኦሜትሪዋና በክፍሉ የመጨረሻ መጽሐፍ እኩል መሀል ላይ ያለውን ወሰድኩ፤ የተሳሳተ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ እኩል ከፈልኩት፤ የተሳሳተ ነው። እንደገና ስከፍለው ትክክል ሆነ፤ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጋሪ ገፊዋ መጽሐፍ እያመላለሰች «እትዬ፣ ይሄ ሌባ እየቀረበን ነው መሰለኝ» ትለኛለች። በአሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። ቆሞ ያገኘሁት የዶሮ እርባታ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ስለ ጫጩት በሽታ የሚናገር ስስ መጽሐፍ። ስናስነብበው ስክሪኑ «ጂኦሜትሪ» አለ። ከሱ የሚቀጥለው ትክክል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም ሁሉ ትክክል ነው።

«ይቺ ደግሞ ከዶሮ ጋር ምን አገናኛት?» አለች ጋሪ ገፊዋ።

እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር። እዚያው በቆምኩበት ትዝ አለኝ።

ባርኮዱ በተለጠፈበት ዓመት ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ላግዝህ መጣሁ። አንተ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ አልፈህ ነበር። መጀመሪያ ዙሪያውን የተበሳው የውሰት ካርድ፤ ቀኑ ያለፈበትን ለመለየት ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ዘንግ አጥተህ የሹራብ መርፌዬን ወስደህብኝ፣ ሹራቡ ያለ እጅጌ ቀረ። ቀጥሎ ጸሐፊዎቹ አርባ ሺህ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ፣ አረንጓዴ ፊደል ሲያይ የዋለ ዓይንህ እቤት መጥቶ ነጩን ግድግዳ ሐምራዊ ነው ይል ነበር። ከሁሉም በኋላ ባርኮዱ መጣ። ተለጣፊው ትንሽ ስለነበር ርዕስ አይታተምበትም፤ መስመርና ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ መደርደሪያውን እንዳለ፣ መጽሐፉ በቆመበት ተራ፣ በእጅህ ደብተር ላይ መዘገብክ፤ ኮምፒውተሩም ባርኮዱን በዚያው ተራ በአንድ ጥቅል አተመ። ለአንድ ክፍል አንድ ጥቅል።

ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበህ የተናገርከውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ተለጥፎ እስኪያልቅ ማንም መጽሐፍ እንዳያንቀሳቅስ። ያለቦታው የቆመ ብታዩም ተዉት። ለጊዜው ያለበት ነው ቦታው።» እኔ ሳቅኩብህ። አንተ አልሳቅክም።

አራት ቁጥርን ለኔ ሰጠኸኝ፤ አንተ ከክፍል ክፍል ትዞር ነበር። መለጠፍ ከመጀመሬ በፊት ክፍሉን ልልመደው ብዬ መደርደሪያዎቹን ዞርኩ። ዶሮ እርባታ መካከል አንዲት አረንጓዴ ጂኦሜትሪ ቆማለች። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ከጫጩት በሽታ ጎን ተገትራ። ትእዛዝህን ሰምቻለሁ፤ አልረሳሁትም። ግን ይህቺ አንዲት ናት፣ ስህተቷም ግልጽ ነው፣ ነገም እሱ ራሱ የሚመልሳት ናት አልኩ። አንሥቼ ወደ ቦታዋ ወስጄ ጂኦሜትሪዎቹ መካከል አቆምኳት። እጄን አራግፌ መለጠፍ ጀመርኩ።

የቀረውን አንተ ከኔ በተሻለ ታሰላዋለህ። እሷ በገባችበት ቦታ ሁሉም አንድ ተገፋ። እሷ በወጣችበት ቦታ ደግሞ ክፍተቱ ዋጠውና ተስተካከለ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ሰባት መጽሐፍ። የጥቅሉ መጨረሻ ባርኮድ የክፍሉ መጨረሻ መጽሐፍ ላይ በትክክል አረፈ። አንተም መጥተህ መጨረሻውን አየህ፤ ልክ ነው። ከዚያ ባወጣህልኝ ቅጽል ስም «ቀይ እስክሪብቶ፣ መሀሉንም አንድ ሁለት ቦታ ልየው?» አልከኝ።

«የኔን?» አልኩህ።

እንዴት አድርጌ እንዳልኩት ታስታውሳለህ። ሳቅክና ፈረምክ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሚቴው ፊት ቆመህ የመጣህ ዕለት፣ ጫማህን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሳለ፣ ያልኩህን ደግሞ እኔ አስታውሳለሁ። «ያላረምከው ወረቀት ላይ ለምን ትፈርማለህ?» አልኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን የረባ ንግግር የነበረ አይመስለኝም። በሦስተኛው ወር ወደዚያች ትንሽ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሄድክ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ።

ትናንት ክፍልፋይ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቴን በተራ አስቀመጥኩለት፤ ስህተቱ የሚጀምርበትን፣ የሚያልቅበትን፣ በምሳ ሰዓት ያመሳከርናቸውን ሦስት መቶ አርባ መጻሕፍት። ሳይቸኩል አነበበው። እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ነው ያነበበው።

«ቲቸር፣ ሦስት መቶ አርባ ሦስት መቶ አርባ ነው። የቀረውስ?»

«የቀረውም እንደዚሁ ነው።»

«ያውቃሉ ወይስ ይመስልዎታል?»

ይህን ጥያቄ ሰባተኛ ክፍል እኔ ነበርኩ የምጠይቀው።

«መጽሐፏን ከቦታዋ ያነሣኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እርስዎ?»

«እኔ።»

«ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ኅዳግ ሳላሰምር ጻፍኩ ብለው ሁለት ማርክ የቀነሱብኝ ሰው ነዎት።»

«አንድ ነው የቀነስኩብህ።»

«ሁለት ነው።»

አልተከራከርኩትም። ሰሞኑን በራሴ ትዝታ መማል ትቻለሁ።

ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አምንዎታለሁ። ግን ይህን ይዤ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ፊት ብቀርብ የሚሉኝን ልንገርዎት? ሚስቱ ናት፣ ለባሏ ስትል ነው ይላሉ። በዚያ ላይ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ አለ። እሱን ለመሻር ከሱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ያስፈልገኛል። ያኔ መደርደሪያውን እንዳለ የመዘገቡበት ደብተር ነበር አይደል?»

«ጠፍቷል ተብሏል» አልኩት።

«ቃለ ጉባኤውም እንደዚያ ነው የሚለው። ቢገኝ ግን፣ ፎቶው ሳይሆን ዋናው፣ ዓርብ ግንቦት 22 እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ቢደርስ መኪናውን አስቆማለሁ። ደብተሩን ከባርኮዶቹ ጋር ማስተያየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መንሸራተቱ አንድ ከሆነ ኮምፒውተሩን አንድ ደረጃ መልስ ማለት ይቻላል፤ ዝርዝሩም እንደገና ይታተማል።»

«ካልደረሰስ?»

«ሰኞ መኪናው ይመጣል። እኔም ከላዬ አለቃ አለኝ፣ ቲቸር።»

ስወጣ ኮሪደሩን አይቼ ነው የወጣሁት። እስከ ትናንት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ታስረዋል። አንድም ግን ገና ከሕንጻው አልወጣም። ጋሪ ገፊዋ እጇን ማዘግየት ጀምራለች፤ ሲባጎውን እያጠበቀች መልሳ ትፈታዋለች። ከዚያ በላይ ማድረግ አትችልም፣ እንጀራዋ ነው። መጽሐፎቹ ሲጫኑ የተለጠፈባቸው ባርኮድ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ቢገኝ እንኳ የሚመሳከርበት ነገር አይኖርም፤ ስምህም ቃለ ጉባኤው ላይ እንደተጻፈ ይቀራል።

አሁን ስለ ደብተሩ። ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ አራተኛው ይህ ነው።

ኮሚቴው የአራት ቁጥር ክፍል ደብተር የት ነው ሲልህ ጠፋ አልክ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ካርድ ያልጠፋብህ ሰው ነህ። ስትሄድ ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ግራጫው ሸሚዝህ ከበደኝና ስገልጠው ደብተሩ ተጠቅልሎበት አየሁት፤ ጥቁር ሽፋን፣ ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ። መልሼ ጠቀለልኩት፤ አልጠየቅኩህም። ያኔ ያሰብኩትን ዛሬ ልንገርህ። ጥፋቱን ስለሚያውቅ ደበቀው ብዬ ነው ያሰብኩት። አሥራ ሦስት ዓመት እንደዚያ እያሰብኩ ኖርኩ።

ያ ደብተር ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ቢከፈት ኖሮ ዶሮ እርባታ መካከል በራስህ እጅ የተጻፈች ጂኦሜትሪ ትታይ ነበር። መጽሐፏ ግን መደርደሪያው ላይ ጂኦሜትሪዎቹ መካከል ናት። ያን ጊዜ ማን አንቀሳቀሳት ብለው ይጠይቁህ ነበር። በዚያ ክፍል ስለጥፍ የዋልኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ለተማሪዎቼ የማረጋገጫውን የመጨረሻ መስመር ካልጻፉ ሙሉ ማርክ አልሰጥም ነበር። እኔ ግን ይህን መስመር አልጻፍኩትም፤ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ስታነበው ጨርሰው።

ልታድነኝ ብለህ ደብቀኸው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግም። ክፍልፋይ ያውቃል፤ ጋሪ ገፊዋ ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለቦርዱ በራሴ እጅ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ። ስሜ ላይ የሚመጣ ነገር ካለ ይምጣ፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ከየትም አያባርሩኝም። ጋሪ ገፊዋን ብትሰማት «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ዶሮ መደርደሪያ አጠገብ እንዳላይዎት» እያለች ታሾፍብኛለች።

የቀኑን ሂሳብ ሠርቼዋለሁ። ፖስታ አራት ቀን ይፈጃል፤ ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ይደርስሃል። ደብተሩን ሰኞ ጠዋት ብትልከው ዓርብ ይደርሳል፤ ማክሰኞ ብትልከው አይደርስም። አውቶቡስ ግን ጠዋት ከዚያ ተነሥቶ ማታውን እዚህ ይገባል፤ ለእሱ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ አለ። ለሾፌር መስጠት አልወድም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቢይዘው ይሻላል። ማን ይዞት እንደሚመጣ የምትወስነው አንተ ነህ። የጓሮውን በር ሲከፍት ትንሽ ከፍ ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቢሆን ግን ደስ ይለኛል። ሐሙስ ማታ ቤት ነኝ፤ አልወጣም።

ዓይንህ ይዳንልህ፤ የታከምከውም ያልታከምከውም። የምትሠራበት ክፍል ብርሃን የማያንሰው ይሁን። አንተን የሚያከብሩ ልጆች በዙሪያህ ይብዙ። አምላክ በጤና ይጠብቅህ።

ደብተሩ ካለህ፣ ወይም አቃጥለኸው ከሆነ፣ ወይም ልትሰጠኝ ካልፈለግክ፣ የትኛውም ቢሆን እንዳውቀው እፈልጋለሁ። ሦስት መስመር ይበቃኛል። እባክህ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን፣ ለነገ ሳትለው፣ መልስልኝ።

ቀይ እስክሪብቶህ